ለሆድ የታዘዘ ዝንጅብል

በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነበርኩ። ሃያ ሁለት ያልኩት እናቴ እንዲያ ብላ ስለነገረችኝ ነው፤ እሷ ደግሞ ዓመት የምትቆጥረው በአንበጣና በጎርፍ ስለነበር አንድ ሁለት ቢጎድል ወይም ቢተርፍ አልከራከርም። በሌላው ግን እከራከራለሁ። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነውና ጽሕፈቴ ባያምር አንባቢ ይቻለኝ። ያናደደኝም ዝንጅብል ነው። አዎ፣ ዝንጅብል! ሻይ ውስጥ የምትጨምሩት፣ ወጥ ላይ የምትነሰንሱት።

የልጄ ልጅ ሰዓዳ ቆቦ ላይ፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ፊት ለፊት፣ መድኃኒት ቤት አላት። ጠዋት ጠዋት እሷ ዘንድ ሄጄ በሩ ላይ ካለው ወንበር መቀመጥ ልማዴ ነው፤ መንገደኛ አያለሁ፣ ሰላምታ እቀበላለሁ፣ የሚኒባስ ረዳቶቹ "ዋጃ! ዋጃ! አላማጣ!" እያሉ ሲጮኹ እሰማለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዲት ደልደል ያለች ሴት ገባችና "የሚያከሳ ነገር የለሽም?" አለቻት። ሰዓዳ ሳቀችና "ኪኒን ከምትውጪ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ" አለቻት። ሴትዮዋ ደጃፉን ሳትወጣ ገና ከሕመም ያገገመ አንድ ሰውዬ ገባ፤ ምግብ አልወርድ ብሎታል። ለእሱም ዝንጅብል ነው የነገረችው።

"አንቺ ልጅ፣ ለወፈረም ዝንጅብል፣ ለከሳም ዝንጅብል?" አልኳት።

"አይቀልዱ አባባ፣ ሳይንስ ነው" አለችና ስልኳን አውጥታ ታነብልኝ ጀመር። እርጥቡ ዝንጅብል ውስጥ ጂንጀሮል የሚባል ነገር አለ፤ ምላስ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ዝንጅብሉ ሲደርቅ ይኸው ጂንጀሮል ተለውጦ ሾጋኦል ይሆናል፤ ያኛው ደግሞ በማቃጠል ከእርጥቡ ይብሳል። እሳት ሲያገኘው ዚንጀሮን ወደሚባል ይለወጥና ይለዝባል፣ ሽታውም ይጣፍጣል። ስሞቹን ሦስቴ አስደግሜያት ነው የያዝኳቸው። "ማቅለሽለሽ ያስታግሳል፣ ነፍሰ ጡር ጠዋት ሲያጥወለውላት ይረዳታል፣ መኪና ለሚያዞረው ሰው ይሆናል" አለችኝ። "ምራቅ ያመጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ጨጓራ ውስጥ ያለውን ቶሎ ወደ ታች ያሳልፋል፤ ሆድ ቶሎ ባዶ ይሆናል።"

ሆድ ቶሎ ባዶ ይሆናል! ከወንበሬ ተነሣሁ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጮኼ ነበር መሰለኝ የባጃጅ ልጆች ዞረው አዩኝ። ሰዓዳ ደንግጣ "ምን ሆኑ አባባ? ደም ግፊትዎን ልለካዎት?" አለችኝ። ደም ግፊት! የኔ ግፊት ከዚያን ዘመን ጀምሮ ወርዶ አያውቅም።

ያኔ ቆቦ እንዲህ አልነበረችም። የጣልያኑ መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ የለበሰው የሀብታም፣ ሣር የለበሰው የኛ። ጎረምሳው ሽርጥ ታጥቆ፣ ጎፈሬውን ቅቤ ቀብቶ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ እንደሆነ መንገዱ ይጠበዋል። ሴቶቹ ለገበያ ሲወጡ አዲስ አቡጀዲ ይንሿሿ ነበር፤ አሁን ያ ድምፅ የለም፤ የዛሬ ልብስ ድምፅ የለውም። አፋሮቹ ከዞብል ማዶ ግመሎቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ፣ ጨው ያራግፋሉ፣ ማሽላ ጭነው ይመለሳሉ። ከሻይ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አንድ ሬድዮ ነበረ፤ ባለቤቱ በጥልፍ ጨርቅ ይሸፍነዋል፣ ዘፈን ሲመጣ ይገልጠዋል። ሻይ በብርጭቆ አስር ሳንቲም ነው፤ ዝንጅብል ይግባበት ካላችሁ ያው አስር ሳንቲም። ዝንጅብሉ የኛ ነበር። ማለቴ እኔ የማገለግለው የአያ ሐጎስ።

አያ ሐጎስ ከደቡብ ትግራይ መጥተው ቆቦ የከተሙ ቅመም ነጋዴ ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ የኔን ሶላት ሰዓት ግን ከኔ ይልቅ እሳቸው ያስታውሱልኛል። ዝንጅብሉ ከደቡብ በጆንያ፣ በጭነት መኪና ደሴን አቋርጦ ይመጣል። የኔ ሥራ አፈሩን ማጠብ፣ ሰሌን ላይ ማስጣት፣ ማገላበጥ፣ የደረቀውን መውቀጥ ነው። እጄ ዓመቱን ሙሉ ያቃጥለኝ ነበር። ረስቼ ዓይኔን የነካሁ እንደሆነማ እንባዬ ይወርዳል፤ አያ ሐጎስም ከሚዛናቸው ቀና ብለው "ወደይ ሁሴን! ደግሞ ዛሬ ማን ሞቶብህ ነው?" ይሉኛል። ወደይ ማለት በነሱ ልጄ ማለት ነው። ገበያተኛው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ባለፈው ሰዓዳ ጂንጀሮል ስትለኝ፣ ያ የማለቅስበት ነገር ስም ነበረው ለካ ብዬ ነበር፤ ሾጋኦል ስትለኝም የደረቀውን ስወቅጥ ለምን እንደሚብስብኝ ገባኝ። እስከዚህ ድረስ አልተናደድኩም ነበር።

ዝናቡ እንቢ አለ። እኛ ከምዕራብ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ማሽላችንን የምናጠጣ ሰዎች ነን፤ ተራራው ላይ ሲያጉረመርም ሰምተን አካፋ ይዘን የምንሮጥ። በዚያ ዓመት ሰዉ አካፋውን ይዞ ቆሞ ሰማይ ሲያይ ከረመ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። በሬው አለቀ፣ ግመሎቹ ከመምጣት ቀሩ፣ እህል ከገበያው ጠፋ። ቅመም ግን ሞልቷል! ወጥ የሌለው ሰው ቅመም ምን ያደርግለታል? የአያ ሐጎስ መደብር እስከ ጣራው ዝንጅብል ነበር፤ እዚያው ጆንያው ውስጥ ደረቀ፣ ጠነከረ፣ ኮረት መሰለ። ለኔ የሚሰጡኝ ደሞዝ ቀርቶ፣ ከገዛ ቤታቸው ከሚቆላው ጥሬ አንድ እፍኝ ያካፍሉኝ ነበር። ለሚስታቸውም ለልጆቻቸውም ያው እፍኝ ነው። አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው።

እናቴ ዘምዘም ከጎብዬ በታች ካለው ቀበሌያችን ከጎረቤቶቿ ጋር በእግሯ መጣች። ከመንገዱ ዳር፣ ከድልድዩ አጠገብ ካሉት ግራሮች ሥር ሰፈሩ፤ ከዋጃ በኩልም ከሌላም የመጣ ሰው እዚያው ነበር። ስትመጣ ነጠላዋን አጥባ ነበር። ከየት ውሃ እንዳገኘች እንጃ! አንገቷ እንደ ዘንግ ቀጥኗል፣ ነጠላዋ ግን ንጹሕ ነው። ያችን እፍኝ ቆሎዬን ወሰድኩላት። ሁለት ሦስት ፍሬ አፏ ውስጥ ጣለችና የቀረውን አጠገቧ ላሉት የጎረቤት ልጆች አደለች።

"እማ፣ ብይው እንጂ።"

"ጠገብኩ፣ ልጄ። ለራስህስ በልተሃል?"

እዚህ ላይ የኛን አገር ጠባይ ያላወቀ ሰው ነገሩ አይገባውም። ራያ ውስጥ "ራበኝ" የሚል ሕፃን ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ራበኝ ካለ ልመና ወጣ ማለት ነው፤ ዘሩን ሁሉ አዋረደ ማለት ነው። ሰው ቤት ገብተህ ብላ ሲሉህ "አሁን በልቼ መጣሁ" ትላለህ፤ ቢያንስ ሦስቴ ይለምኑሃል። በጣም የጠናበት ሰው፣ ከሞቱ የደረሰ ሰው፣ ቢበዛ ምን ይላል መሰላችሁ? "ሆዴን ትንሽ አሞኛል" ይላል። ያን የሰማ የአገራችን ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ዝም ብሎ ይነሣና ያለውን አምጥቶ ያቀርባል። ቃሉ አይነሣም። ሆዴን ያለ ሰው ተርቧል፤ በቃ። ይህን ጡት የሚጠባ ልጅ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ሊያየን የመጣው ሹም ግን የአገራችን ሰው አልነበረም። ከላይ የተላከ ነው አሉ፤ ስሙንም አላነሣም፣ ባነሣውም ለኔ ምን ይረባኛል? መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ ከመኪናው ወረደ፤ አንድ ቀጭን ወጣት ድሬሰር፣ ያው የጤና ረዳት፣ ተከትሎታል። እኔ ከእናቴ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሹሙ ከፊት የነበሩትን አያ ሙሔን ጠየቀ፤ አያ ሙሔ የእናቴ ጎረቤት፣ ጥምጣማቸው ተፈትቶ የማያውቅ፣ በቀልዳቸው አገር የሚያውቃቸው ሽማግሌ ናቸው።

"እንዴት ናችሁ?" አለ ሹሙ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን" አሉ አያ ሙሔ። ሰላምታ ነዋ! ለሰላምታ ሌላ ምን ይባላል?

ሹሙ ወደ ሰዎቹ ዞረ። "ይኸው፣ ደህና ነን ይላሉ።" መልሶ ደግሞ፣ "ታዲያ እዚህ ሜዳ ላይ ምን ትሠራላችሁ?"

"ሆዳችንን ትንሽ አሞን ነው፣ ጌታው።"

እናቴንም ጠየቃት፤ ነጠላዋን አስተካክላ "ሆዴን ነው" አለች። ቀጥሎ ያለውም ሆዴን፣ ከዚያም ወዲያ ሆዴን። ሹሙ ፊቱ በራ። "የሆድ በሽታ ነው ማለት ነው! ማን ነው ረሃብ ገባ እያለ የሚያወራው?" አለ። ድሬሰሩ አንገቱን ደፋ። መደብራችን ከዚያ ይታያል፤ ሹሙ ጆንያዎቹን አየና "ለሆድ ዝንጅብል ደግ ነው፤ እኔም ቤት እሱን ነው የምንጠጣው። ይፈላና ይጠጡ" ብሎ አዘዘ። መኪናው ሄደ፣ አቧራው እላያችን ላይ ቀረ።

እንግዲህ ፍረዱ! ዓይን አልነበረውም? የሰው ጎድን እንደ ሰሌን ሲቆጠር ማየት ሐኪም መሆን ይፈልጋል? ያ ሰው ያመነው ጆሮውን ነው፤ ጆሮውም የሰማው የሚመቸውን ነው።

አፍላው የተባልኩት እኔ ነኝ። በርሜል ሰጡኝ፤ ያን ኮረት የመሰለ ዝንጅብል ወቅጬ ከተትኩበት። ሲፈላ ሽታው ድልድዩን አልፎ ይሄዳል፤ የሚጣፍጥ፣ የሠርግ ቤት የሚመስል ሽታ። ሰዉ እየተንፏቀቀ መጣ። አያ ሙሔ ጣሳቸውን ተቀብለው አሸተቱና "ሹሙ ወጡን ረስቶ ቅመሙን ላከልን" አሉ። ሰው ሳቀ፣ እናቴም ሳቀች። ወላሂ፣ ያን ሳቅ እስከዛሬ እሰማዋለሁ። ከዚያ ጠጡ። ባዶ ሆድ ላይ ገባና አቃጠላቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው ታጠፉ። ቀጥሎ የመጣው ግን ባሰ። ሰው ሲራብ ሲራብ አንድ ቦታ ላይ ረሃቡ ይደነዝዛል፤ ሆድ ጥያቄውን ይተዋል። ዝንጅብሉ ያን የተኛውን ቀሰቀሰው። ምራቅ መጣ፣ ምግብ የለም። ፍላጎት ተከፈተ፣ መሶብ የለም። ልጆቹ አፈር ይልሱ ጀመር። ሰዓዳ የምትለው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱም አልቀረም፤ የተባለውን ሁሉ ሠርቷል! "ባዶ ሆድ ላይ እንደሚያቃጥል እኮ እዚህም ተጽፏል፣ አባባ" ብላ አሳየችኝ። ተጽፏል። ያኔ ለኛ ያነበበልን የለም እንጂ።

በየጠዋቱ ድሬሰሩ እየመጣ እያንዳንዱን ምንህን ነው ምንሽን ነው ይላል፤ ሆዴን ሆዴን ይሉታል፤ እኔ አፈላለሁ። አንድ ጠዋት በርሜሉ አጠገብ ያዝኩት።

"አንተ ሰው፣ እነዚህ ሰዎች በሽታ እንደሌለባቸው አይታይህም?"

"ይታየኛል" አለኝ። ከንፈሩ ደርቋል፣ እሱም የጠገበ አይመስልም። "እዚያ ከቢሮው ኋላ ያለው መጋዘን ውስጥ እህል አለ። ለረሃብ የተቀመጠ ነው። ረሃብ ነው ብዬ ስናገር፣ ከራሳቸው አፍ ሰምተሃል ወይ ይሉኛል። አልሰማሁም። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ቃሉን ይበለኝ።"

ሮጬ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ።

"እማ፣ ነገ ሲጠይቅሽ ራበኝ በይው። እህል አለ። ቃሉን እየጠበቁ ነው።"

"አንተ! ምን ነካህ?" ዙሪያዋን አየች። "ሰው ይሰማሃል።"

"ይስማ!"

"አባትህ በደጁ ሰው ሳይበላ አልፎበት የማያውቅ ሰው ነው። የሱ ሚስት ሜዳ ላይ ቆማ ራበኝ ትበል? ለባዕድ? ዓይን የለውም? ካየ ይስጥ፣ ካላየ ይተወው።"

"እማ፣ ትሞቻለሽ።"

"ብሞት በክብሬ እሞታለሁ። ዝንጅብልህን አፍላ፣ ሂድ።"

አያ ሙሔ ሰምተው ነበር። "ተዋት፣ ሁሴን" አሉኝ። "እኔንስ ቢሆን ምላሴን ብትቆርጠው አይወጣውም።" ይህን ሲሉ አልቀለዱም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ተራራ ስታዘቀዝቅ፣ ጣሳዋን ይዤላት ሄድኩ። ጠጥታ አልጨረሰችውም። በእጇ ወደ እሷ ሳበችኝ፤ እጇ ቅጠል ነው፤ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

"ሁሴኔ" አለችኝ፣ "ራበኝ።"

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቀጥላም "ለሰው እንዳትነግር" አለችኝ።

ወደ አያ ሐጎስ በረርኩ። አላስጨረሱኝም፤ ለልጆቻቸው የተቀመጠችውን ዱቄት ሚስታቸው በጥብጣ አጥሚት አደረገችው። ይዤ ስመለስ አያ ሙሔ የእናቴን ነጠላ ፊቷ ላይ ሸፍነው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። አጥሚቱ እጄ ላይ ይጤሳል። ሳይመሽ ተሰግዶባት ከግራሮቹ ወዲያ ተቀበረች። ያጠቧት ሴቶች እርስ በርስ "ምኗን ነበር?" ሲባባሉ ሰማሁ። "ሆዷን ነው፣ ምስኪን" ተባለ። ድሬሰሩም ቆሞ ነበር፤ እሱም ሰማ። ሆዷን! አፈሩ ሳይደርቅ ውሸቱ ደረቀ።

አሁን ሰዓዳ "አባባ፣ አደራዋን ጠብቀው ዝም ማለት አልነበረብዎትም?" ትለኛለች። አልነበረብኝም! የእናቴን ክብር ያዋረደው እኔ ነኝ ወይስ እህል ቆልፎ ከሷ አፍ ልመና የጠበቀው? መጋዘኑስ በኋላ ተከፈተ፤ ለብዙዎች ዘግይቶ፣ ለአንዳንዱ ደርሶ። ማን አስከፈተው ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ አስከፈትን ያሉ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም በጠገበ አፋቸው ነው የሚያወሩት። እኔ የማውቀው የሠራሁትን ነው።

በማግስቱ ጠዋት እሳት አላነደድኩም። አያ ሐጎስ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ዓይኔ ቀልቶ አዩና አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። በርሜሉን አልፌ ሄድኩ። ከግራሩ ሥር፣ ከአያ ሙሔ አጠገብ፣ እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ድሬሰሩ እየጠየቀ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ ግራ ገባው።

"አንተ የምታፈላው አይደለህም እንዴ? እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ጠይቀኝ" አልኩት።

"ምንህን ነው?"

"ራበኝ!" ብዬ ጮህኩ፤ ድልድዩ መለሰው። "ራበኝ! እናቴም ትናንት ርቧት ነው የሞተችው። ሆዷን አልነበረም። ርቧት ነው!"

አንዲት ሴት ስለ እኔ አፍራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ድሬሰሩ ቀስ ብሎ ወደ አያ ሙሔ ዞረ።

"አንቱስ፣ አባቴ? ምንዎን ነው?"

አያ ሙሔ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ አንገታቸውን ደፍተው፣ "እኔንም፣ ልጁ እንዳለው ነው" አሉ።

"እንዳለው አይበቃም፣ አያ ሙሔ" አልኳቸው። "ይበሉት።"

"ራበኝ" አሉ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

ከዚያ ተነሣሁና ፊቷን የሸፈነችው ሴት ፊት ሄጄ ቁጭ አልኩ። "እቴ፣ በይው" አልኳት። እሷ ስትል ወደሚቀጥለው ሄድኩ። እንዲህ እያልኩ፣ በየሰዉ ፊት ቁጭ ብድግ እያልኩ፣ ድሬሰሩን ከኋላዬ አስከትዬ እስከ ድልድዩ ጫፍ ደረስኩ።